ሲስተሙ አንድ ቀን ቀድሞ እንቁጣጣሽ ያከበረበት ጠዋት

(ባለፈው ቅዳሜ ለሶፍትዌር ባለሙያዎች ያደረግኩት ንግግር ነው። "ጽሑፉን ላክልን" ያላችሁኝ ስለበዛችሁ ከተቀዳው ድምፅ ላይ ገልብጬዋለሁ። የተንተባተብኩባቸውን ቦታዎች ብቻ አውጥቻለሁ፣ ሌላው እንዳለ ነው።)

እንደምን ዋላችሁ?

አልሰማኋችሁም። እንደምን ዋላችሁ? እሺ፣ አሁን ነቅታችኋል። ከምሳ በኋላ መናገር ዕዳ ነው። እንቅልፍ የመጣበት ሰው ካለ አልቀየምም፣ ብቻ አታንኮራፉ፣ ድምፅ እየተቀዳ ነው።

አዘጋጆቹን አመሰግናለሁ። የሰጡኝ ርዕስ "ለሶፍትዌር ሰው ብሎግ ይሻላል ወይስ መደበኛ ጽሑፍ?" የሚል ነው። መደበኛ ስል መጽሔት ወይም ጉባኤ ላይ የሚወጣውን፣ ገምጋሚ የሚያየውን፣ ከታች ዋቢ የሚደረደርበትን ማለቴ ነው። አዘጋጆቹ ክርክር እንድከፍትላቸው ፈልገው ይመስለኛል። እኔ ግን በሁለቱም ተዋርጃለሁ። ስለዚህ ለአንዳቸውም ጠበቃ አልቆምም።

ሦስት ነገር አወራለሁ። አንደኛ፣ ብሎግ ለምን። ሁለተኛ፣ መደበኛ ጽሑፍ ለምን። ሦስተኛ፣ የትኛው መቼ። ሁለተኛው ላይ ቆየት እላለሁ፣ ምክንያቱም የተመታሁት እዚያ ጋ ነው።

ወደ አንደኛው ከመግባቴ በፊት እጅ አውጡልኝ። በአማርኛ ኤስኤምኤስ የሚልክ ሲስተም ሠርታችሁ የምታውቁ? ... ብዙ ናችሁ። አታውርዱ፣ አታውርዱ። ከእናንተ መካከል የአማርኛ መልእክት 160 ሳይሆን 70 ፊደል ላይ እንደሚያበቃ ሂሳቡ ከመጣ በኋላ ያወቃችሁ እጃችሁ እንዳለ ይቆይ። ... አያችሁ? ሁለት እጅ ብቻ ነው የወረደው። ሁለታችሁን በኋላ ማኪያቶ እጋብዛችኋለሁ።

እኔ ከቀሩት ጋር ነኝ። ደንበኛችን በጀቱን በ160 አስቦ ያዘ። በላቲን ፊደል 160 ይገባል። በእኛ ፊደል ሲሆን ግን እያንዳንዱ ፊደል ሰፋ ያለ ቦታ ስለሚይዝ 70 ላይ ያበቃል። ከ70 ካለፈ ደግሞ ይከፋፈላል፤ ክፍሎቹን ስልኩ መልሶ የሚያገጣጥምበት ምልክትም ቦታ ስለሚወስድ አንዱ ክፍል 67 ብቻ ይይዛል። የእኛ መልእክት "ውድ ደንበኛችን" ብሎ ይጀምርና "ስለመረጡን እናመሰግናለን።" ብሎ ይጨርሳል። ከነባዶ ቦታው 150። ሁለት ክፍል የሚይዘው 134 ነው። ስለዚህ ሦስት ሆነ። ሂሳቡም ሦስት እጥፍ መጣ።

ሁለት ቀን ሙሉ ሰርቨር ላይ ባግ፣ የኮድ ስህተት ማለቴ ነው፣ ስንፈልግ ከረምን። በመጨረሻ አንዲት የሥራ ባልደረባዬ ፊደሎቹን በጣቷ መቁጠር ጀመረች። "ስለመረጡን እናመሰግናለን።" ከፊቷ ካለው ባዶ ቦታ ጋር 17 ናት። እሷን አወጣን፣ 133 ቀረ፣ መልእክቱ ሁለት ክፍል ሆነ። ምስጋናችን ብቻዋን አንድ ሙሉ ኤስኤምኤስ ታስከፍለን ነበር ማለት ነው!

አሁን ጥያቄዬ ይሄ ነው። ይህ ነገር ምስጢር ነው? አይደለም። በዓለም አቀፉ የስልክ ስታንዳርድ ላይ ከተጻፈ ስንት ዘመኑ። ግን ማን ነው ያንን ሰነድ ቁጭ ብሎ የሚያነበው? እዚህ አዳራሽ ውስጥ ያላችሁት አንድ ትምህርት እያንዳንዳችሁ ከኪሳችሁ ከፍላችሁ ተማራችሁት። ያቺ ልጅ በዚያው ማታ አንድ ገጽ ብትጽፍ፣ በአማርኛ፣ "የአማርኛ ኤስኤምኤስ ለምን ውድ ሆነ" ብላ፣ ስንቱ ሰው ይተርፍ ነበር? አልጻፈችም። እኔም አልጻፍኩም። ለምን? "ይሄማ ቀላል ነገር ነው፣ ማን ያነበዋል" ብለን።

ብሎግ ለእኔ እንግዲህ ይሄ ነው። ዛሬ ያወቅኩትን፣ ገና ሳይበርድ፣ ዛሬ ማታ መጻፍ።

"እኔ ማን ሆኜ ነው የምጽፈው" የሚል አለ። እሱን አንድ ታሪክ ልንገረው። 1969፣ ሎስ አንጀለስ። ስቲቭ ክሮከር የሚባል የድኅረ ምረቃ ተማሪ ነበር። እሱና ጓደኞቹ የአርፓኔት፣ የኢንተርኔት ቅድመ አያት የሆነው መረብ፣ ኮምፒውተሮች እርስ በርስ እንዴት ይነጋገሩ የሚለውን ያስቡ ነበር። ሐሳባቸውን በወረቀት ማስፈር ነበረባቸው፣ ግን ፈሩ። ሥልጣን ያለው ሰው መጥቶ "ማን ፈቀደላችሁ?" ቢለንስ ብለው። ክሮከር አብረውት ያደሩትን ሰዎች እንዳይቀሰቅስ ሌሊት መታጠቢያ ቤት ገብቶ ጻፈው። ለማስታወሻው የሰጠው ስም ወደ አማርኛ ሲመለስ "አስተያየት ስጡበት" እንደማለት ነው። በእንግሊዝኛ ምህጻሩ አርኤፍሲ ቁጥር 1። ኤፕሪል 7 ቀን 1969። "ይህ ሕግ ነው" አላለም፣ "ይህ ስታንዳርድ ነው" አላለም። አስተያየት ስጡበት ነው ያለው። ዛሬ ቁጥሩ 9,000 አልፏል፣ እናንተ የምትሠሩበት ኢንተርኔት የሚሄደው በእነዚያ ሰነዶች ነው። ሲጀመር ግን በሌሊት መታጠቢያ ቤት ውስጥ የተጻፈ ማስታወሻ ነበር።

ሌላም አለ። ኤድስገር ዳይክስትራን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ፣ ቢያንስ አጭሩን መንገድ በሚፈልገው አልጎሪዝሙ፣ ፈተና ላይ ያስለቀሳችሁ ሰውዬ። እሱ ዕድሜውን ሙሉ ቁጥር እየሰጠ ማስታወሻ ይጽፍ ነበር፣ ከ1,300 በላይ ጽፏል፤ ብዙዎቹ በእጅ የተጻፉ ናቸው። ፎቶ ኮፒ ያደርግና ለሚያውቃቸው በፖስታ ይልካል። እነሱ ደግሞ ኮፒ አድርገው ለሌላ ይልካሉ። ይሄ ብሎግ ካልሆነ ምንድን ነው ታዲያ?

እዚህ ላይ አንድ ነገር ጣል ላድርግና ልለፍ። አንዳንዶቻችሁ "እኔ እኮ እጽፋለሁ፣ ቴሌግራም ላይ" ትላላችሁ። ጎበዞች። ግን ባለፈው ዓመት የጻፋችሁትን አሁን አውጡልኝ ብላችሁ የምታገኙት ስንቶቻችሁ ናችሁ? ቴሌግራም ላይ የተጻፈ ነገር ወራጅ ወንዝ ላይ እንደተጣለ ቅጠል ነው። ቻናሉ ውስጥ ያልነበረ ሰው፣ ከሦስት ዓመት በኋላ በሌሊት ተጨንቆ ጎግል ላይ የሚፈልግ ሰው፣ አብዛኛውን ጊዜ አያገኘውም። ቴሌግራም ላይ አውሩ፣ አልጠላም። የሚቀር ነገር ሲሆን ግን የራሱ ገጽ፣ የራሱ አድራሻ፣ የተጻፈበት ቀን ይኑረው።

እሺ። ሁለተኛው።

በ2010 ዓ.ም. ነው። የፈረንጅን ቀን ወደ ኢትዮጵያ የሚቀይር ትንሽ ኮድ ጻፍኩና ብሎጌ ላይ ለጠፍኩት። ከምሽቱ አምስት ሰዓት ላይ ጀምሬ ስድስት ሰዓት ተኩል ላይ ፖስት አደረግኩ። ኩራቴ! አርባ መስመር አይሞላም። ቴስትም አድርጌዋለሁ፣ የዚያን ሳምንት ቀኖች በሙሉ ልክ ያወጣል። ከታች ምን ብዬ እንደጻፍኩ ታውቃላችሁ? "ኮፒ አድርጋችሁ ተጠቀሙበት።" አቤት ድፍረት።

ሰው ኮፒ አደረገው።

ከዓመት በላይ አለፈ። ረቡዕ ጠዋት፣ የበዓል ዋዜማ፣ እናቴ ቤት ነኝ። ቡና እየተፈላ ነው። ቴሌግራም ላይ የማላውቀው ልጅ ጻፈልኝ። "ሰላም ነህ ብሮ? ያንን የቀን መቀየሪያ የጻፍከው አንተ ነህ?" እኔ ደስ አለኝ። ሊያመሰግነኝ ነው ብዬ ነው። "አዎ ወንድሜ፣ እኔ ነኝ" አልኩት። ወዲያው ደወለ።

ልጁ የሚሠራበት ድርጅት ኮዴን ሲስተሙ ውስጥ አስገብቶታል። የዚያን ዕለት ጠዋት መጋዘኑ ሲከፈት ሲስተሙ ያወጣቸው ሰነዶች ሁሉ "መስከረም 1 ቀን 2012" ይላሉ። በሌላው ኢትዮጵያ ግን ቀኑ ጳጉሜን 6 ነው። ይባስ ብሎ ሲስተሙ በዓል ሲደርስ በራሱ መልእክት ይልካል። ገና ሳይነጋ ለደንበኞቻቸው ሁሉ "እንኳን አደረሳችሁ" ብሏል። በአማርኛ። በሁለት ክፍል።

ልጁ ሊያለቅስ ምንም አልቀረው። እኔ ስልኩን ይዤ ግቢው ውስጥ እዞራለሁ። እናቴ ከረከቦቱ ጋ ሆና "ምን ሆነህ ነው?" አለችኝ።

"እማዬ፣ አንድ ሲስተም ዛሬን መስከረም 1 ነው አለ።"

"ምን ነካው? ዘመኑ ሉቃስ አይደል እንዴ? በሉቃስ ጳጉሜን ስድስት ናት።" ይህን ብላኝ ስኒዋን ማጠቧን ቀጠለች።

እናቴ ኮምፒውተር ከፍታ አታውቅም። እኔ ኮዴ ውስጥ "ዓመቱ ለአራት ሲካፈል ቀሪው ዜሮ ከሆነ ጳጉሜን ስድስት ናት" ብዬ ነበር የጻፍኩት። ከፈረንጁ ሕግ ላይ ነው እጄ በልማድ የወሰደው። የእኛ ቀሪው ሦስት ሲሆን ነው። 2011 ለአራት ሲካፈል ቀሪው ሦስት ነው፤ ማቴዎስ፣ ማርቆስ፣ ሉቃስ፣ ሦስተኛው ሉቃስ። እናቴ ልጅ ሆና የሰማችውን ቆጠራ እኔ ዲግሪ ይዤ ሳትኩት።

የዚህ ባግ ክፋቱ ምን መሰላችሁ? ይደበቃል። ሦስት ዓመት ልክ ይሠራል። ሉቃስ ሲያልቅ አንድ ቀን ይቀድማል። ማንም ካልነካው ዓመቱን ሙሉ አንድ ቀን ቀድሞ ይሄድና በሚቀጥለው ጳጉሜን ላይ ለማይገባው ዓመት ስድስተኛ ቀን ሰጥቶ መልሶ ይስተካከላል። ምንም እንዳልተፈጠረ! እኔ ቴስት ያደረግኩት አንድ ሳምንት ብቻ ነበር።

ለዚያ ልጅ በስልክ አስተካከልንለት። ሰነዶቹን አንድ በአንድ እየሰረዙ እንደገና አወጡ። በዋዜማ። እኔ ቡናዬን ጠጥቼ በዓሌን አከበርኩ፣ እነሱ እስከ ማታ መጋዘን ውስጥ ዋሉ። ይሄ ነው እስካሁን የሚቆጠቁጠኝ።

ከዚያ በኋላ ምን አደረግኩ? ተቆጨሁና "ይሄን ነገር በወጉ ልጻፈው" አልኩ። ዋቢ ሰብስቤ፣ ካህን ጠይቄ፣ የባሕረ ሐሳብ አቆጣጠር አንብቤ መደበኛ ጽሑፍ አዘጋጀሁና ለአንድ መጽሔት ላክሁ። አራት ወር ዝም። ኢሜይሌን በቀን ሦስት ጊዜ እከፍታለሁ። በአምስተኛው ወር የሁለት ገምጋሚዎች አስተያየት መጣ። የመጀመሪያው ገምጋሚ የነጠላ ሰረዝ ጠላት ነው፣ እሱን እንለፈው። ሁለተኛው አንድ መስመር ብቻ ነው የጻፈው፦ "የካቲት 23 ቀን 1888ን በኮድህ ቀይረህ አሳየኝ።"

ዓድዋ!

ቀየርኩት። ኮዴ "ማርች 2 ቀን 1896" አለ። ልክ ነው ብዬ ተደሰትኩ። በዓሉን በየዓመቱ የምናከብረው በፈረንጅ ማርች 2 ነዋ። ከዚያ የታሪክ መጽሐፍ ገለጥኩ። ጦርነቱ የተደረገው ማርች 1 ቀን 1896 ነው። የጣሊያኖቹም መዝገብ ማርች 1 ነው የሚለው። አንድ ቀን የት ገባች?

1900 ላይ ነው የገባችው። ፈረንጆቹ ለ100 የሚካፈለውን ዓመት ለ400 ካልተካፈለ ተጨማሪ ቀን አይሰጡትም። ስለዚህ በ1900 ፌብሩዋሪ 28 ላይ አበቃች። የእኛ አቆጣጠር ግን በየአራት ዓመቱ ሳያወላውል ይሰጣል። በዚያች ዓመት ሁለቱ አቆጣጠሮች በአንድ ቀን ተራራቁ። የካቲት 23 እስከዚያ ድረስ ማርች 1 ላይ ስትውል ከዚያ በኋላ ማርች 2 ላይ ዋለች። በ2100 እንደገና አንድ ቀን ትሸሻለች፣ እንቁጣጣሽም ከሴፕቴምበር 11 ወደ 12 ትሄዳለች። እኔ ኮዴ ውስጥ ሴፕቴምበር 11ን በድንጋይ ላይ ጽፌያት ነበር።

እስቲ አስቡት። ያንን ብሎግ ስንት ሰው አንብቦታል። አስተያየት የሰጠው ሁሉ "በርታ"፣ "ምርጥ ነው"፣ እሳት፣ እሳት፣ እሳት ነው የለጠፈልኝ። አንድ ሰው "ዓድዋን ሞክረው" አላለኝም። ለምን ይለኛል? የእሱ ሥራ አይደለም። ገምጋሚ ማለት ግን ሥራው መጠራጠር የሆነ ሰው ነው። ስሙን አላውቀውም። መንገድ ላይ ባገኘው ግንባሩን እስመዋለሁ።

ጽሑፉ የወጣው ከላክሁት ከአሥራ አንድ ወር በኋላ ነው። አሥራ አንድ ወር! ውስጡ የጠቀስኩት ላይብረሪ፣ ሌሎች ጽፈው ያዘጋጁት ኮድ ማለቴ ነው፣ ቨርዥኑ ጽሑፉ በወጣበት ቀን አርጅቶ ነበር። ይሄም እውነት ነው፣ አልደብቃችሁም። ያነበበውም ሰው በጣት የሚቆጠር ነው።

ደግሞ መደበኛ ጽሑፍ ሲሆን ሰው በትክክል ያነበዋል እንዳትሉ። "ዋተርፎል" እያላችሁ የምታሙትን የሶፍትዌር አሠራር ታውቃላችሁ አይደል? ደረጃ በደረጃ ወደ ታች የሚወርደውን? ዊንስተን ሮይስ በ1970 ባቀረበው ጽሑፍ ላይ ያ ሥዕል አለ። ዋተርፎል የሚለው ቃል ግን ጽሑፉ ውስጥ የለም። ከሥዕሉ ቀጥሎ ሮይስ ራሱ "እንዲህ ብቻ ከተሠራ አደገኛ ነው፣ ውድቀት ይጋብዛል" የሚል ሐሳብ ጽፏል። ሰው ሥዕሉን ወሰደ፣ ከሥሩ ያለውን ሳያነብ ሄደ። ስለዚህ ዋቢና ገምጋሚ ከሰነፍ አንባቢ አያድንም። ከሰነፍ ጸሐፊ ግን ያድናል። እኔን አድኖኛል።

ሰዓቱን እያየሁ ነው፣ አዎ፣ አየሁሽ እህቴ፣ አምስት ደቂቃ። ሦስተኛው አጭር ነው።

የትኛው መቼ? እኔ አሁን ከመጻፌ በፊት ራሴን አንድ ነገር ብቻ እጠይቃለሁ። ብሳሳት ማን ይከፍላል?

"ይህን ላይብረሪ ስጭን ይህ ስህተት መጣብኝ፣ በዚህ ፈታሁት" የሚል ነገር ከሆነ ብሳሳት አንባቢው አሥር ደቂቃ ይከስራል፣ ይሰድበኛል፣ ሌላ ገጽ ይከፍታል። ይሄንን ዛሬ ማታ ጻፉ። ፊደል ስትለቅሙ አትደሩ። እንግሊዝኛዬ ይሰበራል የምትሉ በአማርኛ ጻፉ። ኮዱ ያው ነው።

ሰው ገንዘብ የሚቆጥርበት ከሆነ፣ ቀን የሚያሰላበት ከሆነ፣ የሕመምተኛ መድኃኒት የሚመዝንበት ከሆነ፣ የይለፍ ቃል የሚያስቀምጥበት ከሆነ ግን ብሳሳት የሚከፍለው እኔን የማያውቀኝ ሰው ነው፤ መጋዘን ውስጥ በዋዜማ የሚያመሽ ሰው ነው። እዚህ ላይ ሌላ ዓይን ሳያየው አይውጣ። የግድ መጽሔት ይሁን አላልኩም። አሥራ አንድ ወር ጠብቁም አላልኩም። ግን አንድ የሚጠራጠር ሰው ፈልጉ። ጓደኛ አይሁን፣ ጓደኛ እሳት ነው የሚለጥፍላችሁ። ኮድ ስትጽፉ ሌላ ሰው ሪቪው ካላደረገው አይገባም ትሉ የለ? ሺህ ሰው ኮፒ የሚያደርገው ጽሑፍ ላይ ሲሆን ለምን እንተወዋለን?

ሁለቱን እንደ ጠላት አትዩአቸው ነው የምለው። የክሮከርን ማስታወሻ አስታውሱ። እንደ ብሎግ ተጀመረ፣ ሰው ነቀፈው፣ ሌላ ተጻፈ፣ እሱም ተነቀፈ። ዛሬ ያው አርኤፍሲ የሚባለው ነገር "የግድ" እና "ይመረጣል" የሚሉት ሁለት ቃላት ልዩነታቸው ምን እንደሆነ ራሱን የቻለ ሰነድ ያለው፣ በ1997 የወጣ፣ እንደ አዋጅ የሚነበብ ነገር ሆኗል። ዳይክስትራም ቢሆን "ጎ ቱ" የሚባለውን፣ ፕሮግራሙን ከአንድ ቦታ ወደ ሌላ የሚያዘልለውን ትእዛዝ የተቃወመባት ዝነኛ ጽሑፉ መጀመሪያ ከእነዚያ ቁጥር ካላቸው ማስታወሻዎች አንዷ ነበረች። በማርች 1968 መጽሔት ላይ ስትወጣ ቶሎ እንድትወጣ ተብሎ የወጣችው ለአዘጋጁ እንደተላከ ደብዳቤ ሆና ነው። ርዕሷንም የቀየረው አዘጋጁ ኒክላውስ ቪርት ነው፣ ፓስካል የሚባለውን የፕሮግራም ቋንቋ የሠራው ሰውዬ። ስለዚህ ርዕሳችሁን ኤዲተር ቢቀይርባችሁ አትቆጡ።

የቀረችኝ ስለ ስህተት ናት። የኮምፒውተር ሳይንስ ሊቁ ዶናልድ ክኑዝ በመጻሕፍቱ ውስጥ ስህተት መጀመሪያ ላገኘ ሰው እስከ ፈረንጆቹ 2008 ድረስ 2 ዶላር ከ56 ሳንቲም የሚል ቼክ ይልክ ነበር። 256 ሳንቲም፣ ሁለትን ስምንት ጊዜ አባዝታችሁ የምታገኙት የኮምፒውተር ሰው ቁጥር፣ ገብቷችኋል አይደል? ብዙ ሰው ቼኩን ባንክ አይወስደውም ነበር፣ አስጊጦ ግድግዳ ላይ ይሰቅለው ነበር። እኔ ቼክ የመላክ አቅም የለኝም። ያንን የ2010 ፖስት ግን አላጠፋሁትም። ላጠፋው ነበር፣ እውነቱን ለመናገር ጣቴ ዴሊት ላይ ደርሶ ነበር። ግን ኮፒ ያደረገው ሰው ተመልሶ ቢመጣ ባዶ ገጽ ነው የሚያገኘው፣ የተሳሳተው ኮድ ግን እሱ ጋ ይቀራል።

ስለዚህ አሁንም አለ። ከላይ በቀይ ቀኑን ጽፌ፣ "ይህ ኮድ ስህተት ነው፣ በሉቃስ ጳጉሜን ስድስት ናት፣ ዓድዋንም ያስታል፣ የተስተካከለው ከታች አለ" ብዬበታለሁ። ከሥሩ ደግሞ ሁለት ሰው አመስግኛለሁ። አንዱ ስሙን የማላውቀው ገምጋሚ ነው። ሁለተኛዋ እናቴ ናት። አሳየኋት፣ "ምን ብለህ ነው የጻፍከኝ?" አለች፣ አነበብኩላት፣ "ጳጉሜንን ለማወቅ ይሄ ሁሉ ጣጣ?" ብላ ሳቀች።

በቃ፣ ጨርሻለሁ። ጥያቄ ያለው፣ ማይኩ እዚያ ጥግ ላይ ነው። ኤስኤምኤስ ላይ እጃችሁን ያወረዳችሁት ሁለት ሰዎች ደግሞ ሳትሄዱ ፈልጉኝ፣ እንዴት ቀድማችሁ እንዳወቃችሁ ትጽፉልኛላችሁ።